ሰርቨሩን ራሴ ልያዝ ወይስ ለሚያስተዳድር ልስጥ?

ጥያቄ፦ የታቦር ልጅ (ሐዋሳ)
ሰላም ለሁላችሁ። እህቴ ሐይቁ አካባቢ 12 ክፍል ያለው የእንግዳ ማረፊያ አላት። ዌብሳይቱን በዎርድፕረስ (ዝግጁ የዌብሳይት መሥሪያ ፕሮግራም) ሠርቼ ጨርሻለሁ። የት እንደማስቀምጠው ግን ግራ ገባኝ። ቤት የተቀመጠ አሮጌ ኮምፒውተር አለ፤ እሱን ሰርቨር (ሳይቱን ለጎብኚ የሚያቀርብ ኮምፒውተር) ላድርገው? ባዶ ቪፒኤስ (በኢንተርኔት የሚከራይ የሰርቨር ድርሻ) ተከራይቼ ሁሉን ራሴ ልጫን? ወይስ አፕዴቱንም ባካፑንም (የሳይቱን መጠባበቂያ ቅጂ) እነሱ የሚሠሩበትን ሆስቲንግ ልውሰድ? የመጨረሻው ዋጋው ከቪፒኤሱ በጣም ይበልጣል። ሊኑክስ (ሰርቨር ላይ የሚጫነውን ሲስተም) ትንሽ እሞክራለሁ። ቀን ቀን ግን አስተማሪ ነኝ።

ኬብል ጎታች
የቤቱን ኮምፒውተር እርሳው። መብራት ሲሄድ ዩፒኤስ ቢበዛ ትንሽ ያቆይሃል፤ ከዚያስ? የቤት ኢንተርኔት አይፒም (የመስመሩ የቁጥር አድራሻ) ይቀያየራል። ቋሚ አይፒ ካልያዝክ ዛሬ ያገኘህ እንግዳ ነገ ያጣሃል። ለመማሪያ ከሆነ ግን ግሩም ነው፤ እኔም የተማርኩት እንደዚያ ነው።

የፒያሳዋ
ወንድሜ፣ እኔ በቪፒኤስ ተቃጥያለሁ። የቤተሰባችንን ሆቴል ሳይት ራሴ ነበር የምይዘው። ለስድስት ወር ሰላም ነው፤ እንዲያውም ጎበዝ ነኝ ብዬ ነበር። ባካፑን እዚያው ሰርቨር ላይ ነበር የማስቀምጠው። በየሌሊቱ አዲስ ይጨመራል፣ አሮጌው አይጠፋም። ፊቼ ጨምበላላ ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው ዲስኩ ጢም አለ፣ ዳታቤዙ ቆመ። መቼም ጉዱማሌ ሰው ሲሞላ ሐዋሳ ላይ አልጋ እንዴት እንደሚፈለግ ታውቃለህ። እኔ ሻሸመኔ ሰርግ ላይ ነኝ። ከሙሽሮቹ ጀርባ ተቀምጬ በስልክ ፋይል ስሰርዝ አመሸሁ። አንተ ደግሞ ክፍል ውስጥ ሆነህ ቢደወልልህ ምን ታደርጋለህ? ቾኩን ጥለህ ትወጣለህ?

ጥቁር ስክሪን
ኧረ አታስፈራሩት! ኡቡንቱ ኤልቲኤስ (ለረጅም ጊዜ አፕዴት የሚወጣለት የሊኑክስ ዓይነት) ከጫነ የደኅንነት አፕዴቱ ለ5 ዓመት ይመጣለታል፤ በራሱ እንዲገባ ማድረግ ይቻላል። ከሳይቱ ጋር ያለውን ግንኙነት የሚያመሰጥረው የሌትስ ኢንክሪፕት ሰርተፊኬት ነፃ ነው፣ ራሱም ይታደሳል። ሰርቨሩ ላይ በፓስወርድ መግባትን ዘግቶ ኮምፒውተሩ ላይ በሚቀመጥ የቁልፍ ፋይል ይግባ። ደግሞ "እናስተዳድራለን" የሚል ሁሉ አንድ አይደለም። አንዳንዱ የሚይዘው ሰርቨሩን ብቻ ነው፤ ፕለጊኑ (ዎርድፕረሱ ላይ የሚጨመረው ተጨማሪ ፕሮግራም) ሲበላሽ "እሱ ያንተ ነው" ይልሃል። ስለዚህ ከመክፈልህ በፊት ሁለት ነገር ጠይቅ። ፕለጊኑን ማን ያድሳል? ባካፑን መመለስ ዋጋው ውስጥ አለ?

የታቦር ልጅ
ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ ይኼ ነው የባሰው። ክፍያው ደግሞ በዶላር ነው። ውጭ ያለ የአጎቴ ልጅ በካርዱ ልክፈል እያለኝ ነው።

የፒያሳዋ
ይክፈል፣ እግዜር ይስጠው። ዶሜኑ (የሳይቱ የኢንተርኔት ስም) ግን በእህትህ ስምና ኢሜይል ይመዝገብ። ካርዱ ጊዜው ሲያልፍ ማስጠንቀቂያው እሱ ጋ ብቻ ሄዶ እንዳይቀር። አንድ የማውቀው ሰው ዶሜኑን ሳይቱን በሠራለት ልጅ ስም አስመዝግቦ፣ ልጁ ስልክ ሲቀይር ስሙን እስከ መጨረሻው አጣው።

ኬብል ጎታች
ለመሆኑ ዎርድፕረስ የግድ ነው? ለ12 ክፍል? ፎቶ፣ ዋጋ፣ ካርታ፣ መደወያና የቴሌግራም ቁልፍ ያለው ተራ ገጽ ይበቃል። ዳታቤዝ የለው፣ ፕለጊን የለው። ብዙ ሳይት አንድ ሰርቨር በሚጋራበት ርካሽ የጋራ ሆስቲንግ ላይ ይቀመጣል።

የታቦር ልጅ
እህቴን ጠየቅኳት። ሳይቱ ላይ ያለውን የክፍል ማስያዣ ቅጽ እንግዶች እንደሚወዱት ነገረችኝ፤ በተለይ ለገብርኤል ንግሥ ከአዲስ አበባ የሚመጡት ቀድመው ይይዙበታል አለች። ስለዚህ ዎርድፕረሱ ይቆያል። ለአንድ ዓመት የሚያስተዳድረውን ልወስድ ነው። አሮጌው ኮምፒውተር ላይ ኡቡንቱ ጭኜ ባካፑ በትክክል መመለሱን እሞክርበታለሁ።

የፒያሳዋ
ከጨምበላላ በፊት ሞክረው እንጂ!