የሶላር ክሬዲት ሜሪላንድ ላይ እንዴት ነው የሚወጣው?

ጠያቂ፦ ሰላም ወገኖች፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ። ቤቴ ጣሪያ ላይ ሶላር ካስገጠምኩ አራት ወር ሆነኝ፣ የገጠሙልኝ ሰዎች ግን ስለ ሶላር ክሬዲቱ (ሶላሩ ለሚያመነጨው መብራት የሚሰጠውና የሚሸጠው ሰርተፊኬት) አንድም ነገር ሳይነግሩኝ ሄዱ፣ በጣም ነው የከፋኝ። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ መጀመሪያ ውልህን አንብብ። ሶላሩ ሊዝ (ኪራይ) ከሆነ ክሬዲቱ አብዛኛውን ጊዜ የድርጅቱ ነው። ገዝተኸው ከሆነ ግን ለሜሪላንድ ፐብሊክ ሰርቪስ ኮሚሽን (የመብራት ድርጅቶችን ለሚቆጣጠረው የግዛቱ መስሪያ ቤት) ታመለክታለህ፣ ሲያጸድቁልህ ጋትስ (GATS) የሚባለው የክሬዲት መመዝገቢያ ላይ አካውንት ትከፍታለህ። ሶላሩ 1,000 ኪሎዋት ሰዓት ባመነጨ ቁጥር 1 ክሬዲት ይገባልሃል።

ሌላ መልስ፦ ወንድሜ፣ ይሄ ክሬዲት ከመብራት ቢልህ ላይ ከሚቀነሰው የተለየ ነው፣ ብዙ ሰው ያምታታዋል። ራስህ መሸጥ ትችላለህ፤ ጊዜ ከሌለህ ድርሻ ወስደው የሚሸጡልህ አሉ፣ ግን ሳትፈርም በፊት ስንት እንደሚቆርጡ ጠይቅ።

ጠያቂ፦ ገዝቼው ነው። ተባረኩ፣ ዛሬ ማታ ወረቀቶቹን አወጣለሁ።