ከዳነ ስብራት በኋላ ስለመጣ የቁርጭምጭሚት ሕመም ምክር እጠይቃለሁ

ከብዙ ዓመታት በፊት የተሰበረው ቁርጭምጭሚቴ በብረትና በብሎን ተጠግኖ፣ አጥንቱም በሚገባ ገጥሞ ያለ ችግር ስራመድበት ኖሬያለሁ። ከቅርብ ወራት ወዲህ ግን አዲስ ጉዳት ሳይደርስበት ጠዋት ስነሣ መገጣጠሚያው ይገትረኛል፤ ጥቂት ስራመድ ይፍታታና ደረጃ ስወርድ ወይም ረጅም ሰዓት ስቆም ከፊት በኩል ጠልቆ የሚሰማ ሕመም ሆኖ ይመለሳል፣ ማታም ትንሽ ያብጣል። ትኩሳትም ሆነ መቅላት የለም።

ተኝቼ የተነሣሁትን ራጅ ያየው ሐኪም «ስብራቱ ድኗል» ብሎ አሰናበተኝ፤ የእኔ ጥያቄ ግን ስለ ስብራቱ ሳይሆን ስለ መገጣጠሚያው ነበር። ስብራት እስከ መገጣጠሚያው ገጽ ከደረሰ ልም አጥንቱን (የአጥንቶቹን ጫፍ የሚሸፍነውን ለስላሳ ሽፋን) ጎድቶ ከዓመታት በኋላ አርትራይተስ (የመገጣጠሚያ ሕመም) ሊያስከትል እንደሚችል አንብቤአለሁ፤ ሆኖም የላላ ብሎን ወይም በብረቱ ዙሪያ ዘግይቶ የሚነሣ ኢንፌክሽንም ሕመም ስለሚያመጣ፣ የእኔን ከየትኛው እንደምመድበው ተቸግሬአለሁ።

በሙያው ያላችሁ ወይም ተመሳሳይ ነገር የገጠማችሁ፦ የመገጣጠሚያውን ክፍተት በትክክል ለማየት ቆሜ፣ ክብደቴን እግሬ ላይ ጥዬ የምነሣው ራጅ ልጠይቅ ወይስ በቀጥታ ወደ ሲቲ ስካን ልሂድ? ብረቱ የኤምአርአይ ምስልን እንደሚያደበዝዝ ተነግሮኛል። ሕመሙ ከልም አጥንቱ የመጣ ከሆነስ ብረቱን ማስወጣት የሚለውጠው ነገር ይኖራል?