የእማዬ ዓይን ውስጥ የገባው ሌንስ ተንሸራቷል ተባለ፣ ምን ይሻላል?

የእማዬ ልጅ፦
ሰላም ጤና ይስጥልኝ። እማዬ 68 ዓመቷ ነው። የዛሬ 6 ዓመት የዓይን ሞራ ተገፎላት ሌንስ ገባላት። እስከ ቅርብ ጊዜ ዳዊቷን ራሷ ነበር የምትደግመው። ሁለት ወር ሆናት ግን ማታ ማታ "አምፖሉ ሁለት ሆኗል፣ አንዱን አጥፉት" ትለናለች። እኛ እንስቃለን። ሐኪም ቤት ስንወስዳት ሌንሱ ከቦታው ወርዷል፣ ኦፕራሲዮን ያስፈልጋታል አሉን፤ ወረፋው ብዙ ስለነበር አብራሩልንም አላልንም። በጠብታ አይመለስም? ያኔ አበላሽተውት ይሆን?

ቢኒ፦
ጠብታ አይመልሰውም ወንድሜ፣ ገንዘብህን አትጨርስ። የአባቴ ጭራሽ ወደ ኋላ ወድቆ ነበር። የሬቲና ሐኪም፣ ማለት የዓይንን የኋላ ክፍል የሚያክመው፣ አውጥቶ ሌላ ሌንስ ሰፋለት። ዓይኑን ብቻ አደንዝዘው ነው የሠሩት፣ ሲያወሩ ይሰማ ነበር። ወዲያው ያያል ብለህ ግን አትጠብቅ፣ ለሳምንታት ብዥ ብሎበት ነበር።

ዓይን ክሊኒክ የምሠራ፦
ከ6 ዓመት በኋላ ከሆነ የሐኪሙ ጥፋት ነው ብሎ መደምደም ይከብዳል። ሌንሱ የሚቀመጠው ሞራው በወጣበት ስስ ከረጢት ውስጥ ነው፣ ከረጢቱ ደግሞ ከፀጉር በቀጠኑ ክሮች ተንጠልጥሏል። ክሮቹ ዓይን ሲመታ ይላላሉ፣ ከባድ ማይነስ ያለበት (ሩቁን በደንብ የማያይ) ሰው ላይም እንደዚሁ። እኛ አገር በዕድሜ የገፉ ሰዎች ላይ ብዙ የምናየው ግን ሌንሱ ጠርዝ ላይ የሚከማች ነጭ ፎረፎር መሳይ ነገር ነው፣ እሱም ክሮቹን ያዳክማል። ትንሽ ብቻ ዞር ካለና ካላስቸገራቸው በክትትል ይታለፋል። ሁለት ሁለት ካሳያቸው ግን ያንኑ ሌንስ መልሶ ከነጩ የዓይን ክፍል ጋር መስፋት ወይም መቀየር ነው። ያማኔ የሚባል የጃፓን ሐኪም ያለ ክር የሚሠራበት ዘዴም አለ፦ የሌንሱ ሁለት ቀጫጭን እግሮች በነጩ ክፍል ውስጥ አልፈው ይወጡና ጫፋቸው በሙቀት ቀልጦ እንደ ምስማር ራስ ይሆናል፣ ከዚያ አይንሸራተትም። ወደ ኋላ የወደቀ ከሆነ እንደ ቢኒ አባት የሬቲና ሐኪም ይፈልጋል።

እስከዚያው ዓይናቸውን እንዳያሹ። ድንገት ብልጭታ፣ ብዙ ጥቁር ነጠብጣብ ወይም እንደ መጋረጃ የሚወርድ ጥላ ካዩ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ በዚያው ቀን ውሰዷቸው። ደግሞ ደህናውን ዓይን ሸፍናችሁ አምፖሉን አሳዩአቸው። ያኔም ሁለት ከሆነባቸው ችግሩ እዚያው ዓይን ውስጥ ነው።

የእማዬ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ሸፍነን አየን፣ ያው ሁለት ነው። ማክሰኞ ሬቲና ሐኪም ጋ ቀጠሮ አለን። እሷ ግን አሁንም "አንዱን አጥፉት፣ መብራት ይቆጥራል" እያለች ነው።