ባሏ የመታት ሴት አቤቱታዋን ከመተዋ በፊት ጠበቃ ለብቻዋ ያናግራት ወይስ ሽምግልናው ይበቃል?

መነሻ (ከፋሲሎ ክፍለ ከተማ)
እንደምን ዋላችሁ የባሕር ዳር ልጆች። በግቢያችን የሆነውን ልንገራችሁ። ጎረቤቴን ባሏ መታት። ከንፈሯ ተሰንጥቆ፣ አንድ ዓይኗ አብጦ እኔ ጋ መጣች። ጣቢያ እንሂድ ስላት የሰፈር ሽማግሌዎች ደረሱ። «ገበናችሁን አደባባይ አታውጡ፣ እኛ እናስታርቃለን» አሏት። እሺ አለች። የመጀመሪያው እሑድ ባልየው ሥራ አለኝ አለ። በሚቀጥለው አንዱ ሽማግሌ ለቅሶ ሄዱ። ከዚያ ጾም ገባ። በመጨረሻ ባልየው በኪዳነ ምሕረት ምሎ ይቅርታ ጠየቀ፣ ታረቁ። ብዙም ሳይቆይ ደገማት። ያኔ ጣቢያ ሄድን። ስለ መጀመሪያው ድብደባ ስትናገር «ሦስት ወር አልፎታል» ተባለች። ቁስሉ ድኗል። የሐኪም ወረቀትም የላትም።

እኔ የምለው፣ ሽምግልናው ይኑር። ግን አቤቱታው በዕለቱ ይመዝገብ። ትቻለሁ ብላ ከመፈረሟ በፊትም የሕግ ባለሙያ ለብቻዋ ያናግራት። ባሏም ሽማግሌዎቹም በሌሉበት። ይሄ ግዴታ ይሁን። ምን ትላላችሁ?

ሽማግሌው
ልጄ፣ አሳዘንሽኝ። እኔም በሰፈሬ ብዙ ዓመት ሸምግያለሁ። ነገር እስከዚህ መጎተት ጥፋት ነው። ግን ጣቢያ የገባ ትዳር ሲቃና አላየሁም። ባልየው «ከሰሰችኝ» ብሎ ቂም ይይዛል። ዘመዶቹም ፊት ይነሷታል። እኛ ስናስታርቅ ዋስ እንጠራለን፣ ካሣ እንቆርጣለን። ጠበቃ አንድ ቀን አናግሯት ይሄዳል። ሌሊት ስትጮህ በሩን የሚያንኳኳው ጎረቤት ነው። ደግሞስ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 የቤተሰብ ክርክር በሃይማኖትና በባህል ሕግ እንዲዳኝ ይፈቅድ የለም እንዴ?

የሕግ ምሩቋ
አባቴ፣ በአክብሮት ልመልስልዎት። አንቀጽ 34 «በተከራካሪዎቹ ፈቃድ» ይላል። የሚመለከተውም የግልና የቤተሰብ ክርክርን ነው። ድብደባ ግን ወንጀል ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚደርስ ጥቃትን ለይቶ ጠቅሶታል።

ጣጣው ያለው ሌላ ቦታ ነው። ከባድ የአካል ጉዳት ሲሆን ክሱ የእሷን አቤቱታ አይጠብቅም። ቀላሉ ግን በአብዛኛው የሚያስቀጣው የግል አቤቱታ ሲቀርብ ነው። እሷ ካላመለከተች ክስ የለም። ማመልከት ያለባትም ነገሩን ካወቀችበት ቀን አንሥቶ በሦስት ወር ውስጥ ነው። ሽማግሌ ስለተቀመጠ ቆጠራው አይቆምም። የጎረቤታችሁን መብት የበላው እሑድ ለእሑድ የተባለው ቀጠሮ ነው።

ሌላም አለ። ተከሳሽ ጠበቃ ለማቆም አቅም ካጣና ፍትሕ የሚጓደል ከሆነ መንግሥት ጠበቃ ያቆምለታል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ነው፣ ይገባዋልም። እሷስ? ዐቃቤ ሕጉ የሚቆመው ለመንግሥት ነው። ፍቺውን፣ ቀለቡን፣ የልጆቹንና የቤቱን ነገር ብቻዋን ነው የምትከራከረው። ለዚህ ነው ነጻ የሕግ ድጋፍ የሚያስፈልጋት። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ይሰጣል። የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም እዚሁ ከተማ ቅርንጫፍ አለው።

ባጃጅ ነጂው
እኔ በዚህ አልስማማም። ሰውየው ሲታሰር ቤቱ ምን ይበላል? የእኛ ገቢ የዕለት ነው። ሁለት ቀን ከቆምኩ ለቤት ኪራይ የያዝኩት ብር ያልቃል። አክስቴ ባሏን አሳስራ በሳምንቱ ስንቅ ስታመላልስ ነበር። ልቀቁልኝ ብላ የለመነችውም ራሷ ናት። ጠበቃ መጥቶ «እንዳትተዪ» ቢላት ልጆቿን ማን ያበላላት ነበር? ውሳኔዋን አክብሩላት።

የዘጌዋ ልጅ
ወንድሜ፣ ልጆቿ እንዳይራቡባት የተወችውን ውሳኔዋ ነው ማለት ይከብደኛል። ከዘጌ ባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ለእናቴ ግን ሩቅ አገር ነበር። የቡናው ብር አባቴ እጅ ነው፣ የጀልባውም ሒሳብ ከዚያው ነው የሚወጣው። ሽማግሌዎች በእሷ ጉዳይ ሲሰበሰቡ ቡና አፍልታ የምታቀርበው እሷ ነበረች። በራሷ ጉዳይ! አባቴ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ «ይቅር በይው» ይሏታል። እሺ ከማለት ሌላ ምን ትበል? ለብቻዋ ወስዶ «አንቺስ ምን ትፈልጊያለሽ?» ያላት ሰው የለም። የመሬት ደብተሩ ላይ ስሟ እንዳለ ታውቃለች። ቢፋቱ በትዳር ያፈሩት እኩል እንደሚካፈል ግን የሰማችው እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስነግራት ነው።

ሽማግሌው
የቡናዋ ነገር ልቤን ነካው። እኛም እንዲሁ ነው የምናደርገው፣ አስቤውም አላውቅ። ለብቻዋ መጠየቋን ተቀብያለሁ። አቤቱታው በዕለቱ ይመዝገብ የሚለው ግን አሁንም አልዋጥልህ ብሎኛል። የተቆጣ ሰው ፖሊስ ሲጠራው ማታ ምን እንደሚያደርጋት እናንተ አታውቁም፣ እኔ አይቻለሁ።

መነሻ (ከፋሲሎ)
አባቴ፣ ፍርሃትዎ እውነት ነው። የዚያን ማታ የት ታድራለች የሚለውን እኔም አልመለስኩትም። እኔ ጋ ነው ያደረችው፣ ግን ሁሉም ጎረቤት በሩን አይከፍትም። ቢሆንም በእርስዎ መንገድ ሄዳም ደገማት። በእርስዎ መንገድ ስትመታ እጇ ላይ ምንም ወረቀት የለም።

ባጃጅ ነጂው፣ ወንድሜ፣ ማመልከት ማለት የግድ ማሳሰር አይደለም። ለቀላሉ ጉዳት ሕጉ ከአንድ ዓመት ያልበለጠ እስራት ወይም መቀጮ ነው የሚለው። ጠበቃዋም «አትተዪ» አትላትም። ብትተዪ ይሄን ታጪያለሽ፣ ባትተዪ ይሄ አለሽ፣ ቀለብ መጠየቅ ትችያለሽ ትላታለች። ከዚያ ከተወች ትተወው። በ2008 ዓ.ም. በተሠራው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት 63 ከመቶ ሴቶች ባል ሚስቱን ቢያንስ በአንድ ምክንያት ቢመታ ይገባል ብለዋል። ወንዶቹ 28 ከመቶ ናቸው። «ይገባኛል» ብላ ያደገች ሴት «ትቻለሁ» ስትል ሰምቶ ፋይል መዝጋት እኔን ያመኛል።

ጎረቤቴ ለሁለተኛው ድብደባ አመልክታለች። ሐኪምም አይቷታል። ማክሰኞ ነጻ የሕግ ድጋፍ ጋ ቀጠሮ አላት፣ አብሬያት እሄዳለሁ። ሽማግሌዎቹ ለእሑድ ጠርተዋታል። አባቴ፣ ከማክሰኞ በኋላ እንዲያደርጉት እርስዎ ቢያናግሩልኝስ? እርስዎን ይሰማሉ።