«ቶሌዶ» የተጻፈበት ጌጠኛ ጩቤ፦ የት፣ መቼ ተሠራ?

ጥያቄ፦
ርዝመቱ ከነእጀታው 34 ሳንቲ ሜትር፣ ስለቱ ብቻ 21፤ ቀጥ ያለና በሁለቱም በኩል አፍ ያለው ነው። ስለቱ ላይ በላቲን ፊደል «ቶሌዶ» (በስለት ሥራ የታወቀችው የስፔን ከተማ)፣ ሰገባው ጀርባ ላይ «ሜድ ኢን ስፔይን» ይላል። ወርቃማው እጀታ ጫፉ ላይ የራስ ቁር ያጠለቀ ጢማም ፈረሰኛ አለበት፤ ቀለሙ በለቀቀበት ግራጫ ይታያል። ስለቱን ማግኔት ይይዘዋል፣ እጀታውን አይዝም። ሻጩ «የ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው» ይላል።

መልስ 1፦
ግራጫው ነው ጉዱን ያወጣው። ናስ ቢሆን ከሥሩ ቢጫ ይወጣ ነበር። ይህ ዛማክ ነው፦ 4 በመቶ ገደማ አሉሚኒየም የገባበት ዚንክ፣ ቀልጦ በፎርማ የሚፈስ። የወጣው በ1929 ስለሆነ (በፈረንጅ አቆጣጠር) የሻጩ ወሬ እዚህ ላይ ያበቃል። የእጀታውን ጎን በጥፍርህ ዳብሰው፤ የፎርማው ሁለት ግማሾች የተጋጠሙበት ቀጭን መስመር ታገኛለህ። በእጅ የተቀረጸ ጢም የመሮ ጠርዝ ይኖረዋል፤ የዚህ ዓይነቱ እንደ ቅቤ የሟሟ ነው።

መልስ 2፦
እጀታው ለስለቱ አይመሰክርም፤ አሮጌ ስለት አዲስ እጀታ ሊገባለት ይችላል። ማግኔቱም አይለይልህም፦ ለጌጥ ጩቤ የሚውለው ርካሹ ስቴንለስም (የማይዝግ ብረት) ይያዛል። የእጀታውን ጫፍ፣ ጉልላቱን፣ ወደ ግራ አዙረህ ፍታው። ወደ እጀታው የሚገባው ጭራ እንደ እርሳስ ቀጥኖ፣ ጫፉ የብሎን ጥርስ ካለውና ከስለቱ ጋር ከተበየደ ለግድግዳ ጌጥ የተሠራ ነው። እምቢ ካለ በፒንሳ አታስገድደው፤ ዛማክ ሳይታጠፍ ነው የሚሰበረው።

«ቶሌዶ» የሚለውን ስም ብዙ አትመነው፤ የጀርመኗ ከተማ የዞሊንገን አንጥረኞች እንኳ ድሮ በስለታቸው ላይ ይመቱት ነበር።

ጠያቂው፦
ተፈታ። ጭራው ተበይዷል፤ ስለቱም ዝገት የለውም፣ የሚላጥ የክሮም ልባጥም አላየሁበትም። ሰገባው ላይ ያለው የጥቁርና የወርቅ ጌጥስ?

መልስ 3፦
እንግዲያው ስቴንለስ ነው፣ በፈረንጅ ከ1913 በፊት አይታሰብም። ጌጡን በ10 እጥፍ አጉሊ መነጽር እየው። እውነተኛው የቶሌዶ ሥራ ብረቱ በጥቃቅን መስመሮች ተሰነጣጥቆ የወርቅ ክር የሚቀጠቀጥበት ነው፤ ከክሩ ጠርዝ አጠገብ ጭረቶቹ ይታያሉ። የታተመ ከሆነ ገጹ ልሙጥ ነው፣ አንዱ ቅርጽም ሳይለወጥ ይደጋገማል። በእንግሊዝኛ መጻፉም ለውጭ ገዢ መሠራቱን ያሳያል። ስፔንን ቱሪስት ያጥለቀለቃት በ1960ዎቹ ነው፤ እኔ ከዚያ ወዲህ እለዋለሁ።

እጀታውን በሎሚ ወይም በኮምጣጤ እንዳታጸዳ፤ አሲድ ዚንክን ይበላል፣ የቀረውም ወርቃማ ቀለም አብሮ ይሄዳል። እርጥብ ጨርቅ በቂ ነው፣ ወዲያው አድርቀው።