ለቪትዝ 25 ሚሊ ሜትር ስፔሰር ቢገጠም አደጋ አለው?

ጠያቂ፣ ከባሕር ዳር
ጤና ይስጥልኝ። ቪትዝ እነዳለሁ፤ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ጢስ ዓባይ ደርሼ እመለሳለሁ፤ አልፎ አልፎም ጎንደር እሄዳለሁ። ጎማዎቹን ትንሽ ወደ ውጭ ለማውጣት ፈልጌ አንድ ቶርኖ ቤት በአሉሚኒየም 25 ሚሊ ሜትር ስፔሰር፣ ማለትም ከቸርኬው ጀርባ የሚገባ ወፍራም ቀለበት፣ ሊሠራልኝ ተስማምተናል፤ ቀብድም ከፍያለሁ። ጎሚስታዬ ግን «ጎማ ይፈታብሃል» ብሎ አስፈራራኝ። ሥጋቱ እውነት ነው?

ምላሽ፣ የቶርኖ ባለሙያ
ጎማ የሚፈታው ዳዶ ሲላላ ነው፤ ስፔሰር ደግሞ ዳዶ የሚላላባቸውን ምክንያቶች ያበዛል። የቪትዝ ቸርኬ የመሃል ቀዳዳ 54.1 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ቸርኬውን መሃል ላይ የሚያስቀምጠው በዚህ ቀዳዳ የሚገባው የሞዞው (ቸርኬው የሚታሰርበት ክፍል) አንገት ነው። ስፔሰሩ በውስጥ በኩል በዚሁ ልክ ካልተቦረቦረና በውጭ በኩል ራሱ ተመሳሳይ አንገት ከሌለው፣ ቸርኬው ከመሃል በጥቂቱ ስቶ ይታሰርና መሪው መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ ንቅጥቅጡም ዳዶውን ያላላዋል። የራሱ ብሎን የሌለው፣ እንዲያው በመሃል የሚገባው ቀጭን ዓይነት ደግሞ ለዳዶው የሚተርፈውን የብሎን ጥርስ ያሳንሳል። የዚህ መኪና ብሎን 12 ሚሊ ሜትር፣ የጥርሱ ርቀት 1.5 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ ዳዶው 8 ዙር ያህል ካልያዘ እኔ አላምነውም። ቶርኖ ቤቱ ስለ አንገቱ ሳይጠይቅዎ ሥራ ከጀመረ ቀብድዎን ይርሱት።

ምላሽ፣ የቀድሞ ተጠቃሚ
እኔ የራሱ ብሎን ያለውን ዓይነት ገጥሜ ነበር። የጢስ ዓባይ መንገድ ጠጠር በነበረበት ጊዜ ከፊት ግራ ጎማ «ቋ፣ ቋ» የሚል ድምፅ እየሰማሁ ቆሜ ዳዶዎቹን ብፈትሽ አራቱም ጥብቅ ናቸው። ጥቂት ነድቼ ድምፁ ስለባሰ ጎማውን አወጣሁት። ከቸርኬው ጀርባ ስፔሰሩን ከሞዞው ጋር ከሚያስሩት አራት ዳዶዎች ሁለቱ በጣት ይዞሩ ነበር፤ የብሎን ቀዳዳዎቹ ሞልሟላ ሆነዋል፤ ዙሪያቸውን ቡናማ የዝገት ዱቄት ከቦታል። ሞዞው ሳይጸዳ፣ ዝገቱ እንዳለ በላዩ ታስሮ ኖሯል። ጎሚስታ በየጊዜው የሚያጠብቀው የውጩን ብቻ ስለሆነ፣ የውስጡን ዳዶ ግን ጎማው ሳይወጣ ማንም አያየውም።

ጠያቂ
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ስፔሰሩን ትቼ ወደ ውጭ የሚወጣ ቸርኬ ብገዛስ?

ምላሽ፣ የቶርኖ ባለሙያ
የተደበቀው የዳዶ ረድፍ ስለሚቀር በዚያ በኩል ይሻላል። ሆኖም ጎማው 25 ሚሊ ሜትር ከወጣ፣ በስፔሰርም ወጣ በቸርኬ፣ በኩሽኔታው ላይ የሚያርፈው ጫና አይለይም፤ ከፊት ደግሞ ጉድጓድ ሲመታ መሪው ከእጅ ይነጥቃል። ለመልክ ብቻ ከሆነ ከኋላ ብቻ፣ ያውም በጥቂቱ ቢያወጡት ይበቃል። ዳዶውን በ103 ኒውተን ሜትር ያስጠብቁና ከ100 ኪሎ ሜትር በፊት፣ ወደ ጎንደር ሳይነሡ፣ እንደገና ያስፈትሹት።