ከሮክ ጊታር በኋላ ወዴት?

ጠያቂ (ደሴ)፦ ለዓመታት በሮክ ባንድ ውስጥ ጊታር ስጫወት ኖሬ አሁን ወደ ደሴ ተመልሻለሁ፤ ሙዚቃን ብወድም ጩኸቱ ስለ ሰለቸኝ በሌላ የጥበብ መንገድ እንደ አዲስ መነሣት እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?

መልስ (ኮምቦልቻ)፦ አብሽር ወንድሜ። ካፕቴን ቢፍሃርት በሚል ስም የሚታወቀው አሜሪካዊው የሮክ ሙዚቀኛ ዶን ቫን ቭሊየት እ.ኤ.አ. በ1982 የመጨረሻ አልበሙን አውጥቶ ሙዚቃን ከተወ በኋላ ሙሉ ጊዜውን ለሥዕል ሰጥቷል፤ አንተም ሥዕልን ሞክር።

መልስ (ባቲ)፦ እኔ ግን ከሙዚቃ ባይርቁ እመርጣለሁ። ባቲና አምባሰል የቅኝት ስም በሆኑበት አገር ተቀምጠው ክራር ቢይዙ፣ በተለይም የግራ እጅ ጣቶች የማይፈለጉትን ክሮች አፍነው ቀኝ እጅ ሁሉንም የሚመታበትን የግርፍ ስልት ቢለማመዱ፣ ጊታር የለመደው እጅዎ ፈጥኖ ይገራል ብዬ አምናለሁ።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ክራሩን እሞክራለሁ፤ የሚያስተምር ሰው ደሴ ውስጥ ብትጠቁሙኝ ደስ ይለኛል።